ዓመታዊው የመንግሥትና የግል ዘርፍ ምክክር ላይ ለምትገቡ አምራቾችና ነጋዴዎች

ባለሥልጣናትና ነጋዴው በዓመት አንዴ ፊት ለፊት በሚገናኙበት የምክክር መድረክ ላይ ማኅበራችንን ወክዬ መግባት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ትንሽ የጫማ ማምረቻ አለኝ፤ ከሥራው ጎን ለጎን የማኅበራችን ጸሐፊ ነኝ። መድረኩ ሲቃረብ ስልኬ ይጨናነቃል። የሚደውሉት የጫማ ሰዎች ብቻ አይደሉም። ከጨርቃጨርቅ፣ ከሳሙና፣ ከማተሚያ ቤት፣ ከምግብ ማቀነባበር ሳይቀር ይደውላሉ። «ምን ይዘን እንግባ? ማንን እናናግር? ለመሆኑ ለውጥ ያመጣል ወይ?» ይሉኛል። ለሁሉም በየተራ ከማስረዳ እዚህ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

ለውጥ ያመጣል። ግን አዳራሹ ውስጥ የሚያልቅ ጉዳይ እስካሁን አላየሁም። የሚያልቀው ከመድረኩ በፊት ባሉት ሳምንታት በደንብ የተሠራበት፣ ከመድረኩ በኋላም ሰው እግር በእግር የተከታተለው ጉዳይ ነው። በዚያች አንድ ቀን ብቻ የሚተማመን ሰው ጥሩ ምሳ በልቶ ይመለሳል።

የዚህ ዓይነት ምክክር በአገራችን ሥርዓት ይዞ የተጀመረው በ2002 ዓ.ም. ነው። ያኔ የንግዱን ዘርፍ ይመራ የነበረው ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረሙ። ሲነደፍ ጉዳዮች ከክልል ተነስተው ወደ ፌዴራል፣ ከዚያም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰብሳቢነት ወደሚካሄድ አገር አቀፍ መድረክ እንዲወጡ ነበር። ከዚያ ወዲህ መልኩ ተለዋውጧል። ዛሬ ምክር ቤቶቹ የሚያዘጋጁት አለ፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች በየዘርፋቸው የሚጠሩት አለ። በ2014 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ታምርት ንቅናቄም በየዓመቱ ኤክስፖ ሲያዘጋጅ ጎን ለጎን ውይይቶች ይኖራሉ። ስማቸው ይለያያል እንጂ አካሄዳቸው ያው ነው።

ግብዣው የሚመጣው በማኅበር በኩል ነው። ብቻውን የሚሠራ ሰው ደብዳቤ ደረሰኝ ብሎ አይጠብቅ። የንግድና የዘርፍ ማኅበራት የሚቋቋሙበት አዋጅ አለ፤ ቁጥር 341/1995። በዘርፋችሁ ማኅበር ካለ ግቡበት። ከሌለ የከተማችሁ ንግድ ምክር ቤት አለ። የአዲስ አበባው ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ አንጋፋ ተቋም ነው። መዋጮ ከፍላችሁ አባል መሆን ብቻ ግን አይበቃም። አጀንዳ የሚሰበሰበው ከመድረኩ ሳምንታት ቀደም ብሎ ስለሆነ በዚያን ጊዜ ጉዳያችሁን በጽሑፍ ማስገባት አለባችሁ። አጀንዳው ከተዘጋ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ የሚያገኘው ዕድል በማይክ ሦስት ደቂቃ መናገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ከሁሉ አስቀድማችሁ ጥያቄያችሁ የማን እንደሆነ እወቁ። አዋጅ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። መመሪያ የሚኒስቴሩ ወይም የተቋሙ ነው። ከዚያ በታች ሰርኩላር፣ ማለትም መሥሪያ ቤቱ የሚበትነው የማሳወቂያ ደብዳቤ አለ፤ ከሰርኩላሩም በታች «አሠራራችን ነው» የሚባል፣ የትም ያልተጻፈ ነገር አለ። የእናንተ ችግር ከእነዚህ በየትኛው ላይ እንደተቀመጠ ሳታውቁ አትግቡ።

ቫትን እንውሰድ። 15 በመቶ ነው፤ የተጻፈው አዋጅ ላይ ነው። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ ሲተካም ምጣኔው እዚያው 15 ላይ ቀርቷል። ታዲያ አንድ ሰው ማይክ ጨብጦ «ቫት ይቀነስልን» ሲል፣ መድረኩ ላይ የተቀመጡት ሚኒስትር «ለሚመለከተው አካል እናቀርባለን» ከማለት ሌላ ምን ሊሉት ይችላሉ? ሥልጣኑ የላቸውም። ሰውየው ተናደደ፣ አዳራሹ አጨበጨበ፣ ጉዳዩ ግን ንቅንቅ አላለም።

በሌላ በኩል የ27 በመቶውን ነገር አስታውሱ። በ2003 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ፣ የግል ባንኮች ከሚሰጡት እያንዳንዱ አዲስ ብድር የ27 በመቶውን ያህል እያሰሉ የባንኩን ቦንድ እንዲገዙ በመመሪያ አዘዘ። ባንኮቹም ነጋዴውም ለዓመታት ጮኹ። በ2012 ዓ.ም. ተነሳ። በመመሪያ የመጣ ስለነበር ለማንሳትም ፓርላማ መሄድ አላስፈለገም። ለዚህ ነው አባሎቻችንን ሁልጊዜ «ችግራችሁን አትንገሩኝ፤ ችግሩ የተጻፈበትን ወረቀት አምጡልኝ» የምላቸው። አንቀጹ ከተገኘ ማን ሊሰርዘው እንደሚችልም ይታወቃል።

አስመጪዎች ደግሞ ይህን ልብ በሉ። የቀረጥ ምጣኔው የገንዘብ ሚኒስቴር ጉዳይ ነው። ዕቃው በየትኛው የታሪፍ ቁጥር ይግባ የሚለው የጉምሩክ ኮሚሽን ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። «ቀረጡ በዛብን» የሚል ሰው ወረቀቱ ሲታይ፣ ምጣኔው ሳይሆን ዕቃው የተመደበበት ቁጥር ሆኖ ይገኛል። የምደባ ቅሬታ ደግሞ ሕግ ሳይቀየር፣ ናሙናና የአምራቹን ዝርዝር መግለጫ ይዞ በማስረዳት ሊፈታ ይችላል። ለእሱ ዓመታዊ መድረክ መጠበቅም አያስፈልግም።

መሬትና የማምረቻ ቦታም እንዲሁ ነው። መሬት የሚያስተዳድሩት ክልሎችና ከተሞች ናቸው። ከባሕር ዳር ወይም ከሐዋሳ ተነስቶ፣ የአውቶቡሱን ወይም የአውሮፕላኑን ከፍሎ፣ አልጋ ይዞ፣ አዲስ አበባ ላይ ለፌዴራል ባለሥልጣን «ሼድ አጣን» የሚል ሰው ያሳዝነኛል። ያንን ጥያቄ የሚመልሰው ከንቲባ እዚያው ከተማው ውስጥ ነው ያለው።

መርሐ ግብሩ እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ የተጋባዥ ባለሥልጣናቱን ዝርዝር አንብቡ። እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ በየመድረኩ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ዶላር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ጥያቄውም ተቀየረ። «ዶላሩስ ተገኘ፤ ብሩ ከየት ይምጣ?» ሆነ። ያንኑ ሶል ለማስመጣት እጥፍ የሚጠጋ ብር ማቅረብ ግድ ሆነብን። የባንኮች ብድር ዕድገት ላይ ደግሞ ጣሪያ ነበረ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዓመት 14 በመቶ ነበር፤ ኋላ ወደ 18 ከፍ ተደረገ። ይህ ትክክለኛና አንገብጋቢ ጥያቄ ነው። ሆኖም የገንዘብ ፖሊሲ የሚወስን አንድም ሰው በሌለበት አዳራሽ ግማሽ ቀን ሙሉ ስለ ብድር ጣሪያ ሲወራ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። የምትፈልጉት መሥሪያ ቤት ዝርዝሩ ላይ ከሌለ፣ አስቀድማችሁ ለአዘጋጁ «እነ እገሌ እንዲገኙልን» ብላችሁ በደብዳቤ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ይጠራሉ።

የእኛ ጉዳይ እንዴት እንደተጓዘ ልንገራችሁ።

ጉዳዩ የድጋፍ ደብዳቤ ነበር። ጥሬ ዕቃ ስናስመጣ፣ ዕቃው በእርግጥ ለምርት የሚውል ግብዓት መሆኑን የሚመሰክር ደብዳቤ ከአንድ መሥሪያ ቤት ማምጣት ነበረብን። ደብዳቤው መኖሩን አልተቃወምንም። ያስቸገረን ለእያንዳንዱ ጭነት ለየብቻው መሆኑ ነው። ሶል ሲመጣ ደብዳቤ። ማስቲሽ ሲመጣ ሌላ ደብዳቤ። ፈራሚው ስብሰባ ከሆነ፣ ፊልድ ከወጣ ወይም ከተቀየረ ኮንቴይነሩ ደረቅ ወደብ ላይ ይቆማል። የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል። ኮንቴይነሩ በጊዜው ካልተመለሰ ዲመሬጅ የሚባለው የማዘግየት ክፍያ ይደመርበታል። ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያስወጣልን ትራንዚተር ጠዋት ማታ ይደውላል፤ «እህቴ፣ ደብዳቤዋስ?» ይላል። እዚህ ማምረቻው ውስጥ ደግሞ ቆዳው ተቆርጦ፣ ላዩ ተሰፍቶ፣ ሶል የሚጠብቅ ጫማ ይከመራል። ሠራተኛው ተቀምጦ ደመወዝ ይበላል። እንዲህ ያለውን ቀን ያየ ሰው ያውቀዋል።

ማስረጃ መሰብሰቡ ከሁሉም ከበደን። አባሎቻችን ሰነዳቸውን መስጠት ፈሩ። «የማስመጣውን መጠን ካሳየሁ ግብር ይመጣብኛል» አሉ። ሌላው ደግሞ «ስሜ ከተጠራ የሚቀጥለው ደብዳቤዬ አይፈረምም» አለ። ፍርሃታቸውን ማጣጣል አልፈለግንም። ስለዚህ ሰነዱ ማኅበሩ ቢሮ ውስጥ ብቻ እንዲታይ፣ ወደ ውጭ በሚወጣው ሠንጠረዥ ላይ ስም ቀርቶ ቁጥር እንዲሰጥ ተስማማን። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አዛውንት አምራች አሉ። እሳቸው የራሳቸውን ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ መግለጫ) እና ደረሰኝ በፌስታል ጠቅልለው አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ከዚያ በኋላ ሌላውም ተከተለ።

ሠንጠረዡ አንድ ገጽ ነበር። ማመልከቻው የገባበት ቀን፣ ደብዳቤው የወጣበት ቀን፣ በመካከሉ የተከፈለ የመጋዘን ኪራይ። በቃ። በራሱ ሰነድ ጉድለት የዘገየውን አባል ከሠንጠረዡ አወጣነው። እሱ ቅር አለው፤ እኛ ግን ይህ እንደጠቀመን አምናለሁ። ባለሥልጣን ወረቀት ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው ቀዳዳ ነው። አንዷ መስመር ውሸት ከሆነች ሌላው ሁሉ ይጠረጠራል።

ከመድረኩ በፊት ጉዳዩን የሚይዘውን ባለሙያ ሄደን አናገርን። ይህን ምክር በትልቁ ጻፉልኝ። ሚኒስትሩን ሳይሆን ባለሙያውን። ወጣት ልጅ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ፋይል እስከ አገጩ ተቆልሏል። በአክብሮት ተቀበለን፤ ቡናም ጋበዘን። የነገረን ነገር እስከ ዛሬ ይጠቅመኛል። «ሚኒስትሩ ዘንድ ብትደርሱም ደብዳቤያችሁ ተመርቶ የሚመጣው እዚሁ ነው» አለን። አንድ ማመልከቻ አንስቶ ጠርዙ ላይ በእጅ የተጻፈውን አሳየን። «ተመልክታችሁ አስተያየት አቅርቡበት» ይላል። አስተያየቱን የሚያቀርበው እሱ ነው። እሱ ካልገባው ወይም ከሰጋ፣ ጉዳዩ እዚያችው ጠርዝ ላይ ይቀራል።

ሥጋቱንም ነገረን። ደብዳቤው በየጭነቱ የሆነው ያለ ምክንያት አልነበረም። አንዳንዱ በአምራች ስም ግብዓት አስገብቶ መርካቶ ወስዶ ይሸጠዋል። በዚህ የተጠየቁ ባለሙያዎች አሉ። «ለዓመት አንዴ ብፈርም፣ ዕቃው ገበያ ላይ ቢገኝ ማን ይጠየቃል?» አለን። ልክ ነው። እኔ ለዓመታት ያየሁት ደብዳቤ ጠያቂውን ወገን ብቻ ነበር፤ ለእሱ ደግሞ ፊርማው የእንጀራ ጉዳይ ነው። ከቢሮው ወጥተን ሐሳባችንን በእሱ ሥጋት ዙሪያ እንደገና ጻፍነው። ደብዳቤው በማምረት አቅም ልክ ለዓመት ይሰጥ፤ አምራቹ በየሩብ ዓመቱ ስንት ሶል ገባ፣ ስንት ጥንድ ጫማ ወጣ የሚለውን ያወራርድ፤ ያላወራረደ ወደ የጭነቱ አሠራር ይመለስ፤ ማኅበሩም ያወራርዱልኛል ብሎ ለአባሎቹ ይመስክር። ሁለት ገጽ ሆነ። ሁለተኛው ገጽ ላይ መመሪያው ቢሻሻል እንዴት ሊነበብ እንደሚችል ራሳችን አረቀቅነው። ባለሙያ ከባዶ እንዲጽፍላችሁ አትጠብቁ። የሚያስተካክለው ነገር ስጡት።

የመድረኩ ቀን እንደምታውቁት ነው። ባጅ አለ፣ የፊት ወንበሮች ላይ «የተያዘ» የሚል ወረቀት አለ። የመክፈቻ ንግግሮች ይረዝማሉ። ጥናት ይቀርባል። ጥያቄ ሲከፈት ምሳ ሰዓት ደርሷል። ሰብሳቢው «ጥያቄዎቹን ሰብስበን አንድ ላይ እንመልሳለን» ይላል። ይህች አባባል ናት አደገኛዋ። ጥያቄዎች ሲሰበሰቡ መልሱ አጠቃላይ ይሆናል፤ የእናንተ ጥያቄ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። መላው፣ «አይቻልም» ወይም «ይቻላል፣ በዚህ ጊዜ» ተብሎ ብቻ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ማቅረብ ነው። ሰላምታና ምስጋናው አንድ ዓረፍተ ነገር ይብቃው። ከሦስቱ ደቂቃ ሁለቱን በምስጋና የጨረሰ ተናጋሪ ብዙ አይቻለሁ።

የእኛ ተራ ሲደርስ ጋሼ ቆሙ። ከፌስታላቸው አንድ የወንድ ጫማ አወጡ። ከአፍንጫው እስከ ተረከዙ ለሁለት ተሰንጥቋል። አዳራሹ ጸጥ አለ።

«ክቡር ሚኒስትር» አሉ፤ «የላዩ ቆዳ የአገራችን ነው። ገበሩም የአገራችን ነው። ሶሉ፣ ማስቲሹ፣ ተረከዙ ላይ ያለችው ብረት፣ ክር የሚገባባት ቀለበት ደግሞ ከውጭ ነው። ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ደብዳቤ ጠይቀናል። ይህች አንዲት ጫማ ስንት ደብዳቤ እንደተሸከመች ይዩልኝ።»

ጫማው ከፊት ጠረጴዛው ላይ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ ኃላፊ ሶሉና ቆዳው የተጣበቁበትን መስመር በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ «ይህ ሶል እዚህ አይመረትም?» ብለው ጠየቁ። እውነቱን መለስንላቸው። የሚመረት አለ፤ ያንን ከአገር ውስጥ እየገዛን ነው፤ ይህኛው ዓይነት ግን ገና ነው። ቀጥዬ እኔ ጥያቄውን አቀረብኩ። «ደብዳቤው በየጭነቱ መሆኑ ቀርቶ በማምረት አቅም ልክ የዓመት ይሁንልን። ረቂቁን ከነማወራረጃው አዘጋጅተን አምጥተናል። ይቻላል ወይስ አይቻልም? ከተቻለስ መቼ?» ሠንጠረዡንና ሁለቱን ገጽ ለሰብሳቢው ሰጠሁ። መልሱ «ባለሙያዎቻችን በአንድ ወር ውስጥ አይተው ያቅርቡ» የሚል ነበር። ባለሙያው ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ጉዳዩን ያውቀዋል፤ ረቂቁንም አንብቦታል።

ማይክ ከመያዛችሁ በፊት የጥያቄያችሁን ቅጂ ለቃለ ጉባኤ ያዡ ስጡት። እኛ በየዓመቱ እንዲህ እናደርጋለን። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሲጽፍ ይደክመዋል፤ በችኮላ «የጫማ አምራቾች የግብዓት ችግር አንስተዋል» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ቃለ ጉባኤ ላይ ያልሰፈረ ነገር ደግሞ እንዳልተባለ ይቆጠራል። የሻይ እረፍቱንም እርስ በርሳችሁ ፎቶ ስትነሱ አትጨርሱት። ከዳይሬክተሮቹ አንዱን አግኝታችሁ የቢሮ ቁጥሩን ተቀበሉ፤ መቼ ብንመጣ ያገኙናል ብላችሁ ጠይቁ።

መድረኩ ካለፈ በኋላ ያለው ሥራ አድካሚ ነው። ሰው የሚሰለቸውም እዚህ ላይ ነው። ሳምንቱ ሳይወጣ የተባለውን የሚያስታውስ አጭር ደብዳቤ አስገባን፤ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው መድረክ፣ ምን እንደተባለ። ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል ይግባ። ገቢ የሆነበት ቁጥርና ቀን ቅጂያችሁ ላይ ይመታበት። ቢሮ ለቢሮ እየዞራችሁ በእጅ ብቻ አትስጡ፤ «አልደረሰንም» ከተባለ የምታሳዩት አይኖራችሁም። የተባለው ወር አልፎም ብዙ ቆየ። በመካከሉ ሹም ሽር መጣ፤ ጉዳዩን የሰሙት ኃላፊ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። አዲሱን ኃላፊ ስንገናኝ ያዳነን ፋይሉ ነው። ቃለ ጉባኤው፣ ገቢ ቁጥሩ፣ ሠንጠረዡ፣ ረቂቁ በአንድ አቃፊ ውስጥ በቅደም ተከተል ተቀምጠዋል። ከሥር ሳንጀምር ካቆምንበት ቀጠልን።

እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴ የማያውቀው ሕግ አለ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ይባላል፤ ቁጥሩ 1183/2012። አንድ የፌዴራል ተቋም መመሪያ ሲያወጣ ረቂቁን ይፋ አድርጎ አስተያየት መቀበል እንዳለበት የደነገገው ይህ አዋጅ ነው። መመሪያው መመዝገብና በድረ ገጽ መለጠፍም አለበት። ይህን አዋጅ አትሙና ማኅበራችሁ ቢሮ አስቀምጡት። መድረኩ በዓመት አንዴ ነው፤ ይህ አዋጅ ግን ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። «አሠራራችን ነው» ለሚላችሁ ሰው በትሕትና «የተመዘገበው መመሪያ ቁጥሩ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ይህን ጥያቄ ስንጠይቅ አንዳንዱ አሠራር በራሱ ጊዜ ቀርቷል።

የማሻሻያው ረቂቅ ሲወጣ አንቀጽ በአንቀጽ አስተያየት ሰጠን። የዓመት ደብዳቤ የሚለው ገብቶልን ነበር። ማወራረጃውም እንዳቀረብነው ገባ። ነገር ግን መብቱ በራሱ ስም ለሚያስመጣ አምራች ብቻ ነበር። ከማኅበራችን አባላት ብዙዎቹ ሦስት አራት ሠራተኛ ይዘው በትንሽ ክፍል የሚሠሩ ናቸው። ሶል የሚገዙት ከአስመጪ ነው። ለእነሱ ምንም አልተቀየረም። በጋራ ስናስመጣላቸው ማኅበሩ በእነሱ ስም ደብዳቤ እንዲያወጣ ጠየቅን። ተቀባይነት አላገኘም። ምክንያቱ በጽሑፍ ተሰጥቶናል፤ ቁጥጥሩ ይከብዳል የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ለትንንሾቹ ያልደረሰ ማሻሻያ ግማሽ ማሻሻያ ነው፤ ዘንድሮም የምናነሳው እሱኑ ነው። የዓመቱ ደብዳቤ ያገኙት አባሎቻችን ግን ዛሬ ሶል ሲመጣ ደብዳቤ ፍለጋ አይሮጡም። በየሩብ ዓመቱ ያወራርዳሉ። ያላወራረደ አባል ሲገኝ ደግሞ ቀድመን የምንቆጣው እኛ ነን፤ የአንዱ ጥፋት የሁሉንም ደብዳቤ ሊያስቀር ይችላልና።

የጎረቤትም ልምድ መመልከት ይጠቅማል። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው የግል ዘርፍ ጥምረት፣ ኬፕሳ የሚባለው፣ ከፕሬዚዳንቱ ጋር በክብ ጠረጴዛ ይገናኛል፤ ከሚኒስትሮች ጋርም በየዘርፉ ይወያያል። የምወድላቸው ጉዳዩ መጀመሪያ በዘርፉ ሚኒስትር ዘንድ መታየቱ ነው። እኛም ጋ ማኅበራት መድረኩ ከመድረሱ በፊት ተሰብስበው የጋራውን ከየግሉ ቢለዩ፣ አንድ ዓይነት ቅሬታ አሥር ሰው እየተነሳ አይደግመውም ነበር። ባለፈው ከጨርቃጨርቅና ከሻንጣ አምራቾች ጋር ቁጭ ብለን ስናወራ፣ የግብዓት ደብዳቤ የሁላችንም ችግር ሆኖ አገኘነው። ለብቻችን የጮኽንበትን ዓመት ሳስብ ያንገበግበኛል።

ስለ ፍርሃትም አንድ ነገር ልበል። «ብንናገር ይያዝብናል» የሚለው ነገር እውነትም ነው፣ የተጋነነም ነው። ግለሰብ ስም እየጠራ ባለሙያን በአደባባይ ሲያዋርድ ይያዝበታል፤ ሊያዝበትም ይገባል። ማኅበር ስለ አንቀጽ ሲናገር ግን አይያዝበትም። ስለዚህ ቅሬታችሁን በማኅበር ስም፣ ስለ አሠራሩ እንጂ ስለ ሰውየው ሳይሆን አቅርቡ። ጉቦ የጠየቀ ሰው ካለ ያ የምክክር መድረክ ጉዳይ አይደለም፤ ለፌዴራል ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ወይም ለፖሊስ የሚቀርብ ነው።

የቀረን ሁለተኛው ጉዳይ የቀረጥ ነው። በአገራችን ከፍተኛው የጉምሩክ ቀረጥ 35 በመቶ ነው። እኛ የምንከራከረው ከውጭ ተሠርቶ በሚገባው ጫማና እዚህ ለመሥራት በምናስገባው ግብዓት መካከል ያለው ልዩነት፣ እዚህ ማምረትን የሚያዋጣ እንዲሆን ነው። ይህ የገንዘብ ሚኒስቴር ጉዳይ ስለሆነ በወሬ አይሄድም። ለእያንዳንዱ ግብዓት የታሪፍ ቁጥሩ፣ የተከፈለው ቀረጥና ታክስ፣ በአንድ ጥንድ ጫማ ላይ የሚያርፈው ወጪ ተሠርቶ መቅረብ አለበት። የጀመርነው ሠንጠረዥ አለ፤ ገና አልሞላም። ሶል፣ ማስቲሽ፣ ዚፕ፣ ሲንተቲክ ገበር የምታስመጡ የጫማና የሻንጣ አምራቾች፣ በየትም ከተማ ሁኑ፣ የቅርብ ጊዜ ዲክላራሲዮናችሁን ስማችሁን ሸፍናችሁም ቢሆን ወደየማኅበራችሁ ውሰዱ። ዘንድሮም አጀንዳ የሚሰበሰበው ከመድረኩ ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው፤ ከዚያ በፊት ብታደርሱልን በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ድምፅ ልናቀርበው እንችላለን።